ስምንት ደቂቃ ከእማማ ዝማም ጋር

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው። ያን ጊዜ የሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነበርኩ፤ ሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባትም እየተዘጋጀሁ ነበር። እስካሁን ድረስ ሰው «አንቺ እኮ ጥሩ አድማጭ ነሽ» ባለኝ ቁጥር ጆሮዬ ይግላል። ሰዎች ትሕትና ይመስላቸዋል። ትሕትና አይደለም፤ ሐፍረት ነው።

መጀመሪያ በዕብራይስጥ ጽፌው ነበር። በዕብራይስጥ እንዲህ ያለ ታሪክ እንዴት እንደሚጻፍ ተምሬያለሁ። ሰው ጥፋቱን ይናገራል፣ ከዚያ ምን እንደተማረበት ይጨምራል፣ መጨረሻ ላይ ጥፋቱ ራሱ የሚያኮራ ነገር ሆኖ ይወጣል። መልሼ ሳነበው አምሮብኝ አገኘሁትና ደመሰስኩት። አማርኛን ከጎንደር ስመጣ ከሦስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ የቀረውን ያስተማሩኝ እናቴ የምታነባቸው መጻሕፍት ናቸው። በአማርኛ ራሴን ማስዋብ አልለመድኩም፤ ስለዚህ በእሱ ይሁን አልኩ።

የምንኖረው እስራኤል፣ ፔታሕ ቲክቫ ከተማ፣ አሚሻቭ ሰፈር ውስጥ ነው። እናቴና እኔ ብቻ ነን፤ ቤታችን አሳንሰር በሌለው አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እናቴ ምግብ ፋብሪካ ውስጥ ማሸጊያ ክፍል ትሠራለች። እኔ በየቀኑ በአውቶቡስ በጊቫት ሽሙኤል በኩል ወደ ትምህርቴ እመላለስ ነበር።

እዚህ አገር ሕክምና ለመግባት ውጤት ብቻ አይበቃም። ውጤቱ ያለፈለት ሰው ለአንድ ሙሉ ቀን ይጠራል። ከክፍል ወደ ክፍል እየተዘዋወረ ይገባል፤ በየክፍሉ አንድ ተዋናይ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። አንዱ ልጁ የታመመበት አባት ነው፣ ሌላዋ የተቆጣች ጎረቤት ናት። ስምንት ደቂቃ ያናግራቸዋል፣ ደወል ይደወላል፣ ይወጣል። ጥግ ላይ የተቀመጡ ሰዎች ደግሞ ሲያዳምጥ እያዩ ነጥብ ይሰጡታል። እውቀቱን አይደለም የሚፈትሹት፤ ሰው መሆኑን ነው ይላሉ።

እኔን የጨነቀኝ ይሄ ቀን ነበር። በዝግጅት ኮርሱ የመጀመሪያ ዕለት አስተማሪው ስለማመድ ሲያየኝ ቆየና «አንቺ እንደ ባንክ ቤት ሠራተኛ ነሽ፤ ሰውዬው ተናግሮ ሳይጨርስ ትመልሺለታለሽ» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ቤት ስደርስ ግን አለቀስኩ። ከአሥር ዓመቴ ጀምሮ ሐኪም እሆናለሁ ስል ኖሬያለሁ። እናቴ ለፋብሪካው ሁሉ፣ ለምኩራቡ ሴቶች ሁሉ ተናግራለች። ሕንፃው ውስጥ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ «ዶክተሬ» ነበር የሚሉኝ። ገና ምንም ሳልሆን ማለት ነው።

አስተማሪው አንድ ወረቀት ሰጠን። ፊቱን እዪ። ወደ እሱ ጠጋ በይ። የተናገረውን ቃል መልሰሽ ንገሪው። ስሜቱን በስሙ ጥሪው። ስላመነሽ አመስግኚው። መፍትሔ ለመስጠት አትቸኩዪ። «ቤት ውስጥ ከሰው ጋር ተለማመዱ፣ ራሳችሁን ቅረጹና ላኩልኝ» አለን።

መጀመሪያ እናቴን በሽተኛ አደረግኳት። አልሆነም። «ምንዎን ያምዎታል?» ስላት «እግሬን» ትለኛለች፤ እሱ ትወና ሳይሆን እውነቷ ነው፣ ስምንት ሰዓት ሙሉ ቆማ ነው የምትውለው። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ስደርስ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ይወስዳታል።

«እማማ ዝማምን ለምን አትጠይቂያቸውም?» አለችኝ አንድ ቀን። «ሰው መምሰል እንደሆነ እሳቸውን የሚያክል የለም።»

እውነቷን ነበር። እማማ ዝማም ከእኛ በላይ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ባላቸው ሞተዋል፤ አንድ ልጃቸው አሸር ከሚስቱና ከሁለት ሕፃናቱ ጋር ኤም ሃሞሻቮት የሚባለው ሰፈር ይኖራል፣ ዓርብ ዓርብ ይመጣል። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ትምህርት ቤት ሲያጸዱ ነው የኖሩት። መታወቂያቸው ላይ የልደት ቀናቸው በፈረንጅ ጥር አንድ ይላል፤ ቀኑን ለማያውቅ ሁሉ ቢሮ የሚሞላው እሱን ነው፤ «ጸሐፊዋ ናት የወለደችኝ» እያሉ ይቀልዱበታል። የአውቶቡሱን ሹፌር፣ የቢሮዋን ሴትዮ፣ የኛን ሕንፃ ሰው ሁሉ በድምፅ በአካሄድ ያስመስላሉ። እናቴ ከሥራ ደክማ ስትመጣ የሚያስቋት እሳቸው ነበሩ።

አንድ የማያደርጉት ነገር ቢኖር ማማረር ነው። እንዴት ነዎት ሲባሉ «እግዜር ይመስገን» ነው። ኩፓት ሆሊም፣ የሰፈሩ ክሊኒክ፣ ሐኪሙ ዘንድ ገብተውም ያንኑ በዕብራይስጥ «ባሩክ ሃሼም» ብለው ይነሣሉ። የኛ አገር ትልልቅ ሰዎች እንደዚህ ናቸው። መጀመሪያ ምስጋናው ይመጣል። ሕመሙ የሚመጣው ቆይቶ ነው፤ ያውም የጠየቀው ሰው ተቀምጦ ከጠበቀ። ይህን የማላውቅ ሰው አልነበርኩም። በዚህ ነው ያደግኩት።

ስጠይቃቸው መጀመሪያ እንቢ አሉ። «ሳልታመም ታመምኩ ልበል? በሽታ በአፍ አይጠራም፣ ልጄ» አሉኝ። ለፈተናዬ መሆኑን፣ ካላለፍኩ አንድ ዓመት ሙሉ እንደሚቃጠልብኝ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው የሌላ ሰው በሽታ እጫወታለሁ» አሉ።

ሁለት ጊዜ መጡልኝ። በመጀመሪያው ቀን ሶፋው ላይ ተዘርረው «ወይኔ፣ ወይኔ» እያሉ አቃሰቱ። በሁለተኛው ቀን ሁለተኛ ፎቅ ያለውን ሰውዬ ሆኑ፤ ጉንፋን በያዘው ቁጥር ኑዛዜ የሚናዘዘውን። ሳቄ አላስቀጥል ብሎኝ ቀረጻውን አቋረጥኩ።

«እማማ፣ እንደዚህ አይደለም» አልኳቸው። «አያቃስቱ። ዝም ብለው እንደ ሰው ያውሩኝ። እውነት አስመስለው።»

«እውነት አስመስዬ?»

«አዎ፤ እኔ እውነተኛ ሐኪም ነኝ ብለው ያስቡ።»

«በሰደር፣ እሺ» አሉ። «እንግዲህ ሐኪም ነሽ ብዬ አስባለሁ።»

በዚያ ሰሞን አንድ ሌላ ነገርም ነበር። ከገበያ ሲመለሱ ሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ከነዘንቢላቸው ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ። ምን ሆነው ነው ስላቸው «ሰው ልይ ብዬ ነው» ይላሉ። ዘንቢሉን አንስቼ ወደ ላይ እሮጣለሁ፣ በራቸው ላይ አስቀምጬ እመለሳለሁ። ከኋላዬ ምን ያህል ቆይተው እንደሚመጡ አይቼ አላውቅም። ለትምህርቴ እጣደፍ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መጡ። ስልኬን የስኳር ዕቃው ላይ አስደግፌ ቀረጻ አስጀመርኩ፤ የእናቴን የወጥ ቤት የደወል ሰዓት ስምንት ደቂቃ ላይ ሞልቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። እማማ ዝማም ሶፋው ላይ አልተቀመጡም። ወንበር ስበው ፊት ለፊቴ ቀጥ ብለው ተቀመጡና ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«እንኳን ደህና መጡ። ምን ሆነው ነው የመጡት?» አልኩ።

«ከሁለት ወር ወዲህ ነው» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። «ደረጃ ስወጣ እስከ ሁለተኛው ፎቅ ደህና ነኝ። ከዚያ ወዲያ ትንፋሼ አብሮኝ አይወጣም። እዚህ፣ በሁለቱ ትከሻዬ መሃል፣ ድንጋይ ነገር ይጫነኛል። ከዚያ ወደ መንጋጋዬ ይወጣል። ላብ ያሰምጠኛል። ቁጭ እላለሁ፤ ሲለቀኝ እነሣለሁ።»

ጎበዝ ናቸው ብዬ አሰብኩ። ይህን ሁሉ ከየት አመጡት አልኩ በልቤ፤ ምናልባት ከጎረቤት ሰምተው ይሆናል። ወደ እሳቸው ጠጋ አልኩ።

«ትንፋሽዎ አብሮዎት እንደማይወጣ እየነገሩኝ ነው።»

«አዎ።»

«ይሄ የሚያስፈራ ይመስለኛል።»

«ያስፈራል» አሉ። «ለአሸር አልነገርኩትም። ከነገርኩት ይዞኝ ይሄዳል፣ ቤቴን ያስለቅቀኛል። የኩፓት ሆሊሙ ሐኪምም ገና ሳልቀመጥ ነው የሚያስነሣኝ። ላንቺ ነው የነገርኩሽ።»

«ስላመኑኝ አመሰግናለሁ» አልኩ። እሱም ወረቀቱ ላይ ነበረ።

«ታዲያ ምን ይሻለኛል?»

መፍትሔ ለመስጠት አትቸኩዪ ይላል ወረቀቱ። ስለዚህ አንገቴን ትንሽ ዘንበል አድርጌ «እርስዎስ ምን ቢሆን ይሻላል ብለው ያስባሉ?» አልኳቸው።

ለመመለስ አፋቸውን ከፈቱ። ደወሉ ጮኸ።

እኔ ዘልዬ ተነሣሁ። «እማማ፣ በጣም ጎበዝ ነበሩ፤ እውነተኛ በሽተኛ ነው የመሰሉት» ብዬ ግንባራቸውን ሳምኳቸው።

«አለቀ?» አሉ።

«አለቀ።»

«እና ምን ላድርግ?»

«ምንም አያድርጉ። ከዚህ በላይ አያስፈልግም።»

ትንሽ ተቀመጡ። ከዚያ ጉልበታቸውን ተደግፈው ተነሡና «እንግዲህ ካለቀ አለቀ» ብለው ወጡ። ወደ አራተኛ ፎቅ ሲወጡ ደረጃው መሃል ላይ እግራቸው ቆም ሲል ሰማሁ። በደንብ ሰማሁ። እኔ ግን ቪዲዮውን ከመጀመሪያው እያየሁ ነበር።

ቪዲዮውን ለአስተማሪው ላክሁ። በማግሥቱ መለሰልኝ። አማርኛ አንድ ቃል አያውቅም። «የተባለውን ባልሰማውም ማዳመጥሽን አየሁ። በመጨረሻ ገብቶሻል። ተዋናይቷ ማን ናት? ድንቅ ናት» የሚል ነበር። መልእክቱን ለእናቴ ተረጎምኩላት፤ ሁለታችንም ደስ አለን። እናቴ ለእማማ ዝማም ነግራቸው «እኔም ፈተና አለፍኩ በሉኛ» ብለው እንደሳቁ ነገረችኝ።

ከዚያ አምስት ቀን ሆነ። ቀትር ላይ ከአውቶቡስ ወርጄ ወደ ሕንፃው ስገባ እማማ ዝማም እዚያው ሁለተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል። ዘንቢላቸው አጠገባቸው ነው። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ከነጠላቸው በታች አንገታቸው በላብ ርሷል።

«እማማ፣ ምን ሆኑ?»

«እግዜር ይመስገን» አሉኝ።

ክው አልኩ። ከዚያች ደቂቃ በፊት ቪዲዮውን ቢያንስ አሥር ጊዜ አይቼው ነበር፤ ሁልጊዜ የማየው ግን ራሴን ነበር። አሁን ቃሉ አንድ በአንድ መጣብኝ። ሁለተኛው ፎቅ። ትንፋሼ አብሮኝ አይወጣም። ድንጋዩ። መንጋጋው። ላቡ። የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ፤ ይህ የምን ምልክት እንደሆነ ከመጽሐፍ ጠይቁኝ ብትሉኝ በቃሌ እወጣዋለሁ። አምቡላንስ ጠራሁ። እስኪመጣ ድረስ አጠገባቸው ተቀምጬ እጃቸውን ያዝኩ።

ድንገተኛ ክፍል አንድ ወጣት ሐኪም ተቀበለን። ዓይኑ በድካም ቀልቷል፤ ነገር ግን ጨዋ ሰው ነበር። እማማ ዝማም ዕብራይስጥ ሲፈጥንባቸው አይከተሉትም፤ ስለዚህ አስተርጓሚያቸው እኔ ነበርኩ።

«መቼ ነው የጀመራት?» አለኝ።

«ሁለት ወር ገደማ ነው» አልኩ። «ደረጃ ስትወጣ ነው የሚብሰው፤ ወደ መንጋጋዋ ይወጣል፣ ያልባታል።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ሕክምና ነው የምትማሪው?»

«ልገባ ነው። የመምረጫው ቀን ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።»

ፈገግ አለ። «ጥሩ ሐኪም ይወጣሻል» አለኝ። አልዋሽም፣ በዚያች ሰዓት፣ እማማ ዝማም ደረታቸው ላይ የልብ መመርመሪያ ገመድ ተለጣጥፎባቸው ተኝተው ሳለ፣ ደስ አለኝ።

ከዚያ ጠየቀኝ፤ «ለማንም ነግራ ነበር? ለሐኪሟ፣ ለልጇ?»

ጥያቄውን በአማርኛ አቀረብኩላቸው። እማማ ዝማም ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። አልተቆጡም። እንደ ምስክር ያለውን እንዳለ ነው የተናገሩት።

«ነግሬያለሁ በይው። ለዚህች ለዶክተሬ ነግሬያታለሁ። ስልኳ ላይም አለ በይው።»

ሐኪሙ እጁን የኮምፒውተሩ ፊደላት ላይ አድርጎ ይጠብቃል። «ምን አለች?»

«ሎ» አልኩት፤ አይ ማለት ነው። «ለማንም አልነገርኩም ነው የምትለው።»

ጻፈው። ሲጽፍ የጣቶቹ ድምፅ እስካሁን ይሰማኛል። ጽፎ ሲጨርስ ራሱን ነቀነቀና «የእናንተ ትልልቅ ሰዎች ሁልጊዜ እንደዚህ ናቸው፤ እስኪወድቁ ድረስ አይናገሩም» አለኝ።

«አዎ፣ እንደዚህ ናቸው» አልኩ።

ብዙ ነገር ዋሽቼ አውቃለሁ፤ ሰው ነኝ። እንደዚያች ቃል ግን ያቃጠለኝ የለም። የተናገሩትን አልተናገሩም አልኩ። ያልሰማሁት እኔ ሆኜ ሳለ ጥፋቱን ለእሳቸውና ለሕዝባችን ትልልቅ ሰዎች ሁሉ አሸከምኩት። ያ ሐኪም ከዚያ በኋላ የሚመጡለትን ሽማግሌዎች በእኔ ቃል እየገመተ ይሆናል።

ከሰዓት በኋላ በእጃቸው በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው የተዘጋውን የልብ የደም ሥር ከፈቱላቸው። ዳኑ። ነገር ግን የልባቸው አንዱ ክፍል ተጎድቷል፤ «ጥቂት ቀናት ቀደም ብላ መጥታ ቢሆን ይሄ አይደርስም ነበር» አለ ሐኪሙ። ይህንንም እኔ ነኝ የተረጎምኩት። ለአሸር ነበር የተረጎምኩት፤ አሸር ግን ዕብራይስጥ ከእኔ የተሻለ ያውቃል። ለምን እንደተረጎምኩ አላውቅም፤ አፌ መናገር ስለፈለገ ይመስለኛል።

አሸር አቀፈኝ። «አንቺ ደረጃው ላይ ባታገኚያት ኖሮ እናቴ አልቃ ነበር። ውለታሽን በምን እከፍላለሁ?» አለኝ። እናቴ ጎኔ ቆማ በኩራት ታለቅስ ነበር። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አንገቴን ደፍቼ «ምንም አላደረግኩም» አልኩ። እውነት የተናገርኩት ያን ቀን ይህችን ብቻ ነው፤ እሷንም ትሕትና አደረጓት።

የመምረጫው ቀን ደረሰ። አንዱ ክፍል ውስጥ ሁለት ሴቶች ተቀምጠው «በሕይወትሽ ያጠፋሽውንና የምታፍሪበትን ነገር ንገሪን» አሉኝ። የእማማ ዝማምን ነገር ልጀምር ነበር። ግን ሠራዊት ውስጥ ሳለሁ አንዲት ጓደኛዬን ተረኛነቷን ልቀበላት ቃል ገብቼ መርሳቴን ነገርኳቸው። ምን እንደተማርኩበትም ጨመርኩ። ራሳቸውን እየነቀነቁ ጻፉ። በሚቀጥለው ክፍል ተዋናዩ አንድ ሽማግሌ ነበር፤ ጠጋ አልኩት፣ ቃሉን መለስኩለት፣ ስሜቱን በስሙ ጠራሁለት። ደወሉ ሲደወል ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። የተዋናይ እንባ ነው።

በበጋው ደብዳቤው መጣ። ተቀብለውኛል። የእናቴ እልልታ ሕንፃውን ሞላው፤ የሁለተኛ ፎቁ ሰውዬ ሳይቀር በፒጃማው ወጣ። አራተኛ ፎቅ ግን በሩ ተዘግቶ ነበር። እማማ ዝማም ከሆስፒታል ሲወጡ አራት ፎቅ መውጣት ተከልክለው አሸር ቤት ገብተዋል። የፈሩት ደረሰ ማለት ነው። የአሚሻቩ ቤታቸው ውስጥ አሁን አንድ አዲስ ተጋቢ ባልና ሚስት ይኖራሉ።

ከደብዳቤው በኋላ ሳምንት ሳመነታ ቆየሁና በአውቶቡስ ኤም ሃሞሻቮት ሄድኩ። አሸር የሚኖረው አሥራ አንደኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰሩ መስታወት አለው፣ እስክደርስ ድረስ ራሴን እያየሁ ወጣሁ። እማማ ዝማም በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ልጆቹ መዋዕለ ሕፃናት፣ አሸርና ሚስቱ ሥራ ናቸው። ብቻችንን ነበርን።

«እማማ፣ የምነግርዎት ነገር አለ» አልኩ። «ሆስፒታል ያን ዕለት፣ ሐኪሙ ሲጠይቅ፣ እኔ…»

«ሎ ስትይ ሰምቻለሁ» አሉኝ።

«ገባዎት?» አልኩ።

«ሃያ ዓመት ሙሉ ቢሮ ለቢሮ ስዞር ከሁሉ አስቀድሜ የለየኋት ቃል እሷን አይደለም እንዴ? ሎ የምትለዋን ማን ያጣታል?» አሉና ሳቅ አሉ።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ምን ልበል? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ላዋርድሽ? ትምህርትሽን ቢከለክሉሽስ?» እጃቸውን ዘርግተው ጉንጬን ነካ አደረጉኝ። «ፈርተሽ ነው። ልጅ ነሽ።»

አለቀስኩ። እስኪወጣልኝ ድረስ ጠበቁኝና «ያ ስልክሽ ላይ ያለውን አሳዪኝ» አሉ። አላጠፋሁትም ነበር። አብረን አየነው። እማማ ዝማም መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ወደ ፊታቸው አስጠግተው የራሳቸውን ፊት ሳይሆን የእኔን ነበር የሚያዩት። «ታዲያ ምን ይሻለኛል?» የሚለው ጋ ሲደርስ በጣታቸው ስክሪኑን ነካ አደረጉ።

«እዪ። እዚህ ጋ ሰዓቱን አየሽ።»

አየሁ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቅጽበት በማትሞላ ጊዜ፣ ዓይኔ ወደ ደወል ሰዓቱ ሄዶ ተመልሷል። አስተማሪው አላያትም። እኔም አሥር ጊዜ ሳየው አላየኋትም። እሳቸው ግን ያን ዕለትም፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ሳሉ፣ አይተዋታል።

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አላነሱም። ያላ፣ ብይ እንጂ ብለው ምግብ አቀረቡልኝ፤ ስለ እናቴ፣ ስለ አሚሻቭ ሰዎች ጠየቁኝ፤ የአሸርን ጎረቤት አስመስለው አሳቁኝ። ምራታቸው ከሥራ ስትገባ እጄን ይዘው «ይቺ ዶክተራችን ናት። በእኔ ላይ ነው የተማረችው» አሏት። አሁንም ሰው ባገኙ ቁጥር እንዲህ ይላሉ፤ በሠርግ፣ በለቅሶ ቤት፣ ምኩራብ ውስጥ። ሰዉ ይመርቀኛል። እኔ አሜን እላለሁ፣ መሬት መሬቱን እያየሁ።

አሁን የመጀመሪያ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነኝ። እናቴ ይህን ሁሉ የምታውቀው እዚህ ስታነበው ነው፤ እናቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። አሸርም ይስማው። ያቀፈኝን ማቀፍ መመለስ ባልችልም፣ ማንን እንዳቀፈ ይወቅ።

እማማ ዝማም ይቅር ብለውኛል። አልጠራጠርም። አሁንም በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እሄዳለሁ። ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ እከታለሁ፣ የእጅ ሰዓቴንም አወልቃለሁ። ወንበር ስቤ ፊት ለፊታቸው እቀመጥና «እማማ፣ ጤናዎ እንዴት ነው?» እላቸዋለሁ።

«እግዜር ይመስገን» ይላሉ።

እጠብቃለሁ። ከምስጋናው በኋላ የሚመጣውን እጠብቃለሁ። በረንዳው ላይ ዝም ብለን እንቀመጣለን፤ አንዳንድ ቀን ትንፋሻቸው ሲያጥር እሰማለሁ፣ እጃቸው ወደ ትከሻቸው ሲሄድ አያለሁ።

«እናትሽስ ደህና ናት?» ይሉኛል።